ሰፊ ሱሪ ተመለሰ እንላለን፣ ግን የተመለሰው እውነት የ70ዎቹ ነው?

ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን 34 መልስ ደርሷል፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ እስካሁን ምን ተባለ እያለ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ከዛ ደግሞ መልሶቹን በየቁጥራቸው እንደገባኝ ላውራችሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ ይለብሰው የነበረ ቡኒ ቤል ቦተም ከሻንጣ ስር አገኘሁ፣ ንጹህ ፖሊስተር ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና በሜትር ለካሁት። ጭኑ ጥብቅ ያለ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ጨርቁ እንደተኛ 22 ሴንቲሜትር፣ ከጉልበት በታች እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ጫፉ ላይ 30 ሴንቲሜትር። ስለብሰው ወገቡ እምብርቴ ጋ ደረሰ። ከዛ አምና የ70ዎቹ ስታይል ነው ተብዬ የገዛሁትን ሱሪ አምጥቼ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። የኔው ከጭን ጀምሮ እስከ ታች ያው አንድ ስፋት ነው፣ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወገቡም ዳሌ ላይ ነው የሚቀረው። ይሄ ቦላሌ ነው፣ የ90ዎቹ ቦላሌ፣ ከ70ዎቹ የተዋሰው ስሙን ብቻ ነው።

ስለዚህ ያልኩት ባጭሩ፣ የዛን ጊዜ የወንድ ልብስ ስፋት ብቻ አልነበረም፣ የት ጋ ጠብቦ የት ጋ እንደሚሰፋ የታሰበበት ነው፣ እኛ ሰፊውን ወስደን ጠባቡን ጣልነው። የአባቴን ሱሪ ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም እግሬ ረዝሞ ታየኝ፣ ትከሻዬ ራሱ ቀና አለ፣ ያንን ሱሪ የቆረጠው ልብስ ሰፊ ምን እንደሚሰራ ያውቅ ነበር። ነገሩ የቆጨኝም ለዚህ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ ብዬ ጨረስኩ።

1ኛው በአንድ መስመር ልክ ነህ ብሎኝ ሄደ። 2ኛው የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀ፣ ጥያቄው ትክክል ነው ምክንያቱም በእኛ 1970ዎቹ ካልን የምናወራው ሌላ ዘመን ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1979 ማለቴ እንደሆነ፣ በእኛ ከ1962 እስከ 1972 ገደማ ማለት እንደሆነ መለስኩለት፣ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ቁጥር 4 በጣም በትህትና አረመኝ። ታቹ የሰፋ ሱሪ 70ዎቹ የፈጠሩት እንዳልሆነ፣ የባህር ኃይል መርከበኞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ይለብሱት እንደነበር ጻፈ። በ1960ዎቹ ወጣቶቹ ከወታደር የተረፈ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ በርካሽ እየገዙ መንገድ ላይ አወጡት፣ ፋብሪካው በኋላ ነው የተከተላቸው። ቁጥር 5 ደግሞ መርከበኛው የመርከቡን ወለል ሲያጥብ እስከ ጉልበቱ በቀላሉ እንዲጠቀልለው ነው ታቹ የሰፋው ተብሎ እንደሚነገር ጨመረ። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ለስራ ተብሎ የተሰፋ ነገር በመቶ ምናምን ዓመቱ የመዝናኛ ልብስ ሆነ ማለት ነው።

ቁጥር 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይሄኛው ሰው በአንድ ሱሪ አስር ዓመት ሙሉ እንደፈረድኩ፣ ይሄ ደግሞ ጥናት ሳይሆን ናፍቆት እንደሆነ ጻፈ። የአስርቱ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ሱሪው ዳሌ ላይ እንጂ ወገብ ላይ አይታሰርም ነበር፣ ሂፕስተር ይባል የነበረው እሱ ነው፣ ወገቡ ወደ ላይ የወጣው ወደ አጋማሹ ነው። ስለዚህ ወገብህ ዳሌህ ላይ ስለሆነ የ70ዎቹ አይደለም የሚለው ክርክሬ ውሃ አያነሳም ነው የሚለው። አነጋገሩ ሻካራ ነበር ግን ልክ ነው። ቁጥር 7 ላይ ራሴ ገብቼ የወገቡን ነገር እንደተሳሳትኩ ተቀበልኩ፣ የጉልበቱን ግን አልለቅም አልኩ፣ ዳሌ ላይ የሚታሰረውም ቢሆን ጭኑ ጥብቅ ነበር።

ቁጥር 8 ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። እሳቸው ለብሰውታል። ፖሊስተሩን የወደዱት ስለሚያምር ብቻ እንዳልነበረ ነው የነገሩን። አንድ ጥሩ ሱሪ ብቻ የነበራቸው ጊዜ ማታ አጥበው ይሰቅሉታል፣ ጠዋት ደርቆ፣ መስመሩ እንደ ቢላ ቀጥ ብሎ ያገኙታል፣ ካውያ የለ ምን የለ። ከዛ በፊት የሱፍ ጨርቅ ሱሪ ያለው ሰው ወይ የሚተኩስለት ሰው ወይ ጊዜ ሊኖረው ይገባ ነበር። ክፉ ጎኑንም አልደበቁም፣ ፀሐይ ላይ ሲሄዱበት እንደ ላስቲክ ያፍናል፣ ላብ አያወጣም፣ በደረቅ ቀን ደግሞ እግር ላይ ይለጠፋል። ከክሩ ሁሉ ብዙ የተወደደው ይሄ መልስ ነው፣ ይገባቸዋልም።

ቁጥር 9 የጨርቅ ነገር የተማረ ሰው ነው፣ ጋሼ የተናገሩትን ከስሩ አስረዳን። ፖሊስተርን ለጨርቅ የሚሆን ክር ያደረጉት ዊንፊልድና ዲክሰን የሚባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ናቸው በ1941፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዱፖንት የሚባለው ኩባንያ ዳክሮን ብሎ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሸጠው። ጥሬ እቃው ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው፣ በባህርዩ ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በታጠፈበት ከቀዘቀዘ እጥፋቱን ይዞ ይቀራል፣ የሱሪው መስመር በእጥበት የማይለቀው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ያብረቀርቃል፣ ወደ 260 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

10 እና 11 ፖሊስተር ላይ ዘመቱ። አንዱ በየእጥበቱ ከጨርቁ የሚወጣው ደቃቅ ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሌላው ከሱፍ የሚያክል ጨርቅ እንደሌለ። ጋሼ ሱፍ መግዛት ለሚችል ሰው ልክ ነው ብለው መለሱላቸው፣ እሱ 12ኛው ነው።

13 ላይ ስለ ለንደን ተነሳ። ሳቪል ሮው የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ለረጅም ጊዜ ዝምተኛ ነበር፣ ከዛ በ1969 ቶሚ ነተር ከቆራጩ ከኤድዋርድ ሴክስተን ጋር ሱቅ ከፈተ፣ የኮቱን ኮሌታ እስከ ትከሻ ሊደርስ አሰፋው፣ ወገቡን አጠበበው፣ ሱሪውን ታች ለቀቀው። በዛው ዓመት ቢትልስ የሚባሉት ሙዚቀኞች መንገድ ሲያቋርጡ በተነሱት ፎቶ ላይ ከአራቱ ሶስቱ የሱን ልብስ ነው የለበሱት፣ ጆርጅ ሃሪሰን ብቻ ጅንስ ነው። ለክርክሬ ጥሩ ማስረጃ ሆነልኝ፣ ኮሌታውና ጫፉ ይሰፋል፣ መሃሉ ግን ይጠባል። ኮቱም እንደ ሱሪው ማለት ነው።

ቁጥር 14 ግን ሁልጊዜ ለንደን ለንደን ማለታችን ሰልችቶት ገባ፣ እኔም ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት የሱን ነው። የማሊውን ፎቶ አንሺ ማሊክ ሲዲቤን አመጣ። ሲዲቤ ባማኮ ውስጥ ከነፃነት በኋላ በ60ዎቹና በ70ዎቹ የወጣቱን ጭፈራ ቤትና የራሱን ስቱዲዮ ያነሳ ሰው ነው፣ በ2007 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የጥበብ ትርኢት ላይ የሕይወት ዘመን ወርቃማ አንበሳ ሽልማት ያገኘ፣ በፎቶ አንሺነት የመጀመሪያው፣ ከአፍሪካም የመጀመሪያው። ፎቶዎቹን ገብታችሁ እዩ። ልጆቹ ቤል ቦተም ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ አንዳንዱ ሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ፣ አንዳንዱ ሸክላውን ይዞ። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ሳያቸው አመሸሁ። የሚገርመኝ አቋቋማቸው ነው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ነው የሚቆሙት፣ የሱሪው ጫፍ በደንብ ወድቆ እንዲታይ። ልብሱን ለብሰውት ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚቆምበትም አውቀውበታል። ዛሬ ፋሽን ቤቶች የ70ዎቹን ፎቶ ሲያነሱ የሲዲቤ እጅ ይታያል፣ ጥቁርና ነጩ፣ ባለ መስመሩ መጋረጃ፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

15ኛው ከዚህ ተነስቶ ሁሉም አገር እንዲህ ነፃ እንዳልነበረ ጻፈ። ማላዊ ውስጥ የፕሬዝዳንት ሄስቲንግስ ባንዳ መንግስት በ1973 የጨዋ አለባበስ ህግ አውጥቶ ሴት ሱሪ እንዳትለብስ፣ ወንድ ፀጉሩን እንዳያስረዝም፣ ቤል ቦተምም እንዳይለበስ ከለከለ። ሲንጋፖር ደግሞ መስሪያ ቤት ውስጥ ፀጉሩ የረዘመ ወንድ መጨረሻ ላይ እንደሚስተናገድ የሚናገር ፖስተር ይለጠፍ ነበር።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። 16ኛው መንግስታቱ ልክ ነበሩ ባይ ነው፣ ስርዓት ከአለባበስ እንደሚጀምር፣ የዛሬው ወጣትም እንደዛ ቢደረግ እንደሚሻለው ጻፈ። 17ኛው በጣም ተቆጣ፣ የሰው ሱሪ በሜትር የሚለካ መንግስት ነገ ሀሳቡንም ሊለካ እንደሚመጣ፣ እንዲህ የሚያስብ ሰው ፋሽን ላይ ምን እንደሚሰራ ጠየቀ። 18 እና 19 ስድብ ስለነበሩ ተነስተዋል፣ ቁጥራቸው ብቻ ነው ያለው። 20ኛው ላይ ጋሼ ገብተው ሁለቱንም አረጋጉ፣ በዛ ዘመን ለፀጉርና ለሱሪ ሲባል የተቀጣ ሰው በአይናቸው እንዳዩ፣ እንደ ቀላል እንዳናወራው በለሰለሰ ቃል ለመኑ። ከዛ በኋላ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

21ኛው ከዛው ሳይርቅ ሌላ ነገር አነሳ። ዛየር፣ የዛሬዋ ኮንጎ ውስጥ፣ ፕሬዝዳንቱ ሞቡቱ በ70ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ ሱፍና ክራቫት አስቀርቶ አባኮስት የሚባለውን ኮት አመጣ፣ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ ሲፈታ ሱፍ ይውደም እንደማለት ነው። ጃማይካ ውስጥም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማይክል ማንሊ ካሪባ የሚባል ክራቫት የማይፈልግ ልብስ ለብሶ ነበር ስራ የሚገባው። በአንድ በኩል ክራቫቱ እየሰፋ ሄደ፣ በሌላ በኩል ጭራሽ ተጣለ። እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ወንዱ ያለ ክራቫት ስብሰባ ሲገባ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ያኔ የፖለቲካ ጥያቄ ነበር።

22 እና 23 ስለ ፀጉር ነው፣ አፍሮና ረጅም ሪዝ፣ እዘለዋለሁ።

24ኛው ሁላችንም የተሳሳትን ቦታ እንዳለ ጻፈ። የ70ዎቹ እውነተኛ ውርስ ሱሪ ሳይሆን የስፖርት ጫማ ነው ነው የሚለው። ከናይኪ መስራቾች አንዱ ቢል ባወርማን በ1971 የሚስቱ ዋፍል መጋገሪያ ውስጥ የጎማ ፈሳሽ አፍስሶ የናይኪን ሶል ሞከረ፣ በ1974 ዋፍል ትሬነር ወጣ። አዲዳስ ለ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ኤስኤል 72 የሚባለውን ሰራ፣ በ2024 መልሶ አወጣው። ከዛ ግሬስ ዌልስ ቦነር የምትባለው ዲዛይነር ከ2020 ጀምሮ ከአዲዳስ ጋር ስትሰራ በ70ዎቹ ለንደን ውስጥ የነበሩትን የካሪቢያን ልጆች አለባበስ ነበር መነሻዋ፣ ሳምባ ጫማ ሁሉም እግር ላይ የገባው እሷ ከነካካችው በኋላ ነው። በዚህ ላይ የምመልሰው የለኝም፣ ይሄን ሳነብ ራሱ እግሬ ላይ የነበረው ያው ነው።

25ኛው ጣሊያኑን አርማኒን አስታወሰ፣ ሚላኖ ላይ ድርጅቱን በ1975 የከፈተው፣ ከኮት ውስጥ ገበሩንና የትከሻ መሙያውን አውጥቶ እንደ ሸሚዝ ያለሰለሰው። 26ኛው ሰፊውን የገደለው ማን እንደሆነ ተረከ። በ1976 እና በ77 ፓንኮች፣ የፓንክ ሮክ ሙዚቃ ወጣቶች ማለት ነው፣ መጡ፣ ሰፊ ጫፍ የታላቅ ወንድም ነገር ሆነ፣ ቀጭን ሱሪ ለበሱ። ከዛ ዘመኑ ዞሮ በ2000 ዲዛይነሩ ኤዲ ስሊማን ዲዮር ኦም፣ የዲዮር የወንድ ልብስ ክፍል፣ ገብቶ ቀጭኑን እንደገና አነገሰው፣ በ2015 ደግሞ አሌሳንድሮ ሚኬሌ ጉቺን ሲረከብ ወንዱን የሐር ሸሚዝ ከነ አንገት ማሰሪያው አልብሶ 70ዎቹን መለሰ። ሰንሰለቱ ጥሩ ነው ግን 27ኛው ልጅ አንድ ቀጥ ያለ ጥያቄ አለው፣ እሱ አጭር ነው፣ ቤል ቦተም ለአጭር ሰው ይሆናል ወይ?

ቁጥር 28 ልብስ ሰፊ የሆነች እህታችን ናት፣ ክሩን ያዳነችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። እሷ እንዳስረዳችው ጥያቄው የቁመት ሳይሆን የጫማ ነው። ቤል ቦተም የሚቆረጠው ጫማው እግር ላይ ሆኖ ነው፣ ያኔ ወንዱ ባለ ታኮ ጫማ ያደርግ ስለነበር ሱሪው ታኮውን ሸፍኖ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል፣ አይን ታኮውን ስለማያየው የታኮው ቁመት እንዳለ ለእግር ይሰጣል። ጫፉንም ቀጥ አድርጋ አትቆርጠውም፣ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ አንድ ወይ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ዝቅ ታደርገዋለች፣ አለበለዚያ ከፊት ጫማው ላይ ይሰበራል። ያንኑ ሱሪ በስኒከር ከለበስከው ይጎተታል፣ ካሳጠርከው ደግሞ የሰፋው ክፍል ላይ ነው መቀስ የሚያርፈው፣ ቅርጹ ይሄዳል። ዛሬ ከጭን ጀምሮ ሰፊ የሚሰራው ለዚህ ይመስላታል፣ የትም ጋ ቢቆረጥ ያው ስለሆነ። አጭሩን ልጅ የሱሪውን ጉልበት ከራሱ ጉልበት ሶስት አራት ሴንቲሜትር ከፍ አስደርጎ እንዲያስቆርጥ መከረችው፣ እግሩ ከላይ ይጀምራል።

ለኔም አንድ ነገር ጻፈችልኝ። የአባትህን ሱሪ ጫፉን ገልብጠህ ውስጡን እየው፣ የዛን ጊዜ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ቆርጦ አይጥልም፣ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል የሚል ነገር ነው ምክሯ።

29ኛው ያ ቁጥር 6 ላይ የተቆጣኝ ሰው ነው። አመሰገናት፣ የኔም የጉልበት ነገር ከሷ ማብራሪያ ጋር ሲታይ ስሜት እንደሚሰጥ ጻፈ፣ እኔንም ይቅርታ ጠየቀኝ። 30ኛው የት እንደሚገዛ ነው የጠየቀው። 31ኛው ስለ ሰዓት ማሰሪያ ነው፣ እንዴት እዚህ እንደገባ አላውቅም።

32 እኔ ነኝ። ገለበጥኩት። ታቹ በእጅ ነው የተሰፋው፣ ክሩ ከሱሪው ትንሽ ፈዘዝ ያለ። በመርፌ ጫፍ ቀስ እያልኩ ፈታሁትና ጨርቁ ወደ ታች ወረደ። አሁን ካለው እጥፋት 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር አለ፣ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። በአሮጌው መስመር ላይ፣ ከኋላ በኩል ብቻ፣ ጨርቁ ተበልቷል፣ ጫማ ሲያሸው የኖረ ቦታ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ ፀሐይ ያላየ ጥቁር ቡኒ ነው፣ አዲስ። ቁጥር 9 ያለው ይሄ ነው፣ ፖሊስተር የታጠፈበትን አይረሳም። ሱሪው መጀመሪያ ለረጅም ታኮ ነበር የተቆረጠው፣ ያጠረው በኋላ ነው።

ወዲያው አባቴ ጋ ደወልኩ። ጫማውን ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና ጥቁር ነበር፣ ወፍራም ታኮ፣ ታኮው ሲለቅ አዲስ ዝቅ ያለ ጫማ ገዝቶ ሱሪውን ለእናቱ ሰጣት፣ እሷ ናት ያሳጠረችው። ያ የፈዘዘ ክር የአያቴ ነው ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ እግሩን ፈትቼዋለሁ።

33 ላይ እህታችን ሌላውን እግር እንዳልፈታው ለመነችኝ። ጋሼም 34 ላይ ተስማሙ። ስለዚህ ከላይ የሰጠሁትን ልኬት እዚህ ላስተካክል፣ የፈታሁት እግር ወርዶ ስለካው ጫፉ 30 ሳይሆን ወደ 31 ይጠጋል፣ እየሰፋ ስለሚሄድ። የፈታሁትን እግር እርጥብ ጨርቅ ደርቤ በለስላሳ ሙቀት ሞከርኩት፣ ሁለቱም መስመር አልለቀቀም። ሌላው እግር እንደተሰፋ ነው።